በጌሾ ከረጢት ውስጥ የደበቅኩት ቅጠል

ይህን ስጽፍ ንዴቱ ገና አልበረደልኝም። በማን ላይ እንደተናደድኩ ብትጠይቁኝ ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ በወገቤ፣ በሐኪሙ፣ በባለቤቴ፣ በባቡሩ። መጨረሻ ላይ የሚመጣው ስም ግን የራሴ ነው። ስለዚህ ታገሱኝና ከሥሩ ልንገራችሁ።

መስፍን እባላለሁ። ጄኔቭ ውስጥ ኦ ቪቭ በሚባል ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከባለቤቴ ከአስቴር ጋር እኖራለሁ። አስቴር የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ የልብስ ማጠቢያ ድርጅት ውስጥ እርጥብ አንሶላ ስጎትት ኖሬ፣ በመጨረሻ ወገቤ «በቃኝ» ሲለኝ ቤት ዋልኩ። ዲስክህ ተንሸራቷል አሉኝ። ኪኒን ሰጡኝ፤ ኪኒኑ ጨጓራዬን አነደደው። ለጨጓራው ሌላ ኪኒን ሰጡኝ፤ እሱ ደግሞ ራሴን አዞረኝ። ሐኪሙ በየሦስት ወሩ «ትዕግሥት፣ ሙስዬ» ይለኛል። እኔ እንግዲህ ከዚህ በላይ ትዕግሥት ከየት አመጣለሁ?

አብሮኝ ይሠራ የነበረ አንድ ፖርቱጋላዊ ነው ነገሩን የጀመረው። እሱም እንደኔ ወገቡ የተቆረጠ ሰው ነው። አንድ ቀን በወተት ካርቶን ውስጥ ሦስት ችግኝ ተክሎ ይዞልኝ መጣ። ካናቢስ። እኛ ሀሺሽ የምንለው።

«በሕግ ይፈቀዳል?» አልኩት።

«ቀለል ያለው ዓይነት በየትምባሆ ሱቁ ይሸጣል። ይሄኛው ግን…» አለና ትከሻውን ሰበቀ። ትከሻ መስበቅ ምን ማለት እንደሆነ ጄኔቭ የኖረ ሰው ያውቀዋል። አይፈቀድም ማለት ነው።

በዚያ ላይ የዜግነት ዶሴዬን ካስገባሁ ገና ስድስት ወሬ ነበር። እንደዚያ ያለ ጊዜ ሰው በቀይ መብራት እንኳ አይሻገርም። ግን ሕመም ላይ ያለ ሰው ምን አላደርግም ይላል? ተቀበልኩት። አስቴር ችግኞቹን ስታይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «እማዬ ከሰማች እኔ የለሁበትም። ሲደርስም የት እንደምታስቀምጠው እንዳትነግረኝ። አላየሁም፣ አልሰማሁም» አለችኝ። ይህን ቃሏን ያዙልኝ፤ በኋላ ብዙ ተጨቃጭቀንበታል።

ተክሉን ማሳደግ ቀላል ነው የሚል ሰው ካለ ይምጣና ይከራከረኝ። በረንዳው ላይ ከቲማቲሞቹ መሀል ደባልቄ ተከልኳቸው። አንደኛው ወንድ ሆነ፤ ወንዱ የሚፈለገውን አበባ አይሰጥም፣ ሴቶቹንም ያበላሻል ተባልኩና በሐምሌ ነቀልኩት። ሁለተኛውን ዓይን የማይሞላ ነፍሳት ወረረው። ጎንበስ ብዬ ቅጠል በቅጠል በሳሙና ውኃ ስጠርግ እየዋልኩ፣ ለወገቤ ብዬ በተከልኩት ተክል ወገቤን ጨረስኩት። እሱም በመስከረም ዝናብ ሻገተና ተጣለ። ሦስተኛው ብቻ፣ እልኸኛው፣ የበረንዳውን አጥር አልፎ ሽቅብ ወጣ። ሽታው ደግሞ! ከላይ የምትኖረው አሮጊት ደረጃ ላይ አግኝታኝ፣ «ሙስዬ፣ ድመት ገዛችሁ እንዴ?» አለችኝ። አዎ ብዬ ዋሸኋት። ከዚያ ወዲያ ባገኘችኝ ቁጥር የድመቱን ጤንነት ትጠይቀኛለች።

በጥቅምት መጀመሪያ ቆረጥኩት። መቀሱ ተጣብቆ አልከፈት አለኝ፣ ጣቶቼ ሦስት ቀን ሙሉ እንደ ሙጫ ተያያዙ። ምድር ቤት ካለው ዕቃ ማስቀመጫችን ከሻንጣዎቹ ኋላ ሰቅዬ አደረቅኩት። ገና ደርቆ ሳያልቅ አሳንሰሩ ውስጥ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ምድር ቤት የሚሸተው ነገር ምንድን ነው፣ ባለቤቱ ያንሳው ይላል። ሮጬ ወደ ቤት አወጣሁት። በዚያው ሳምንት አማቴ ከዙሪክ ለጉብኝት ልትመጣ ነው ተባለ። አያችሁ ዕድሌን?

የት ልደብቀው? ኩሽናው መደርደሪያ ጥግ ከአዲስ አበባ የተላከ የተወቀጠ ጌሾ በላስቲክ ከረጢት ሦስት ዓመት ተቀምጦ ነበር። እኛ ቤት ጠላ የሚጠምቅ የለም፤ ከረጢቱን የሚነካውም የለም። ቅጠሉንና አበባውን አድቅቄ እሱ ውስጥ ከተትኩት። ከጌሾው ግማሹን ከሥር፣ ግማሹን ከላይ አደረግኩና አሰርኩት። የጌሾው ሽታ የዚያኛውን ሽታ ዋጠው። «መስፍን፣ አንተኮ ብልህ ሰው ነህ» አልኩት ለራሴ። ብልህ!

አማቴ እማማ ዘነበች ይባላሉ። ከሰባ አምስት ዓመት በላይ ናቸው። ከአገር ከወጡ ጀምሮ ዙሪክ፣ አፎልተርን ውስጥ ነው የሚኖሩት። እዚያ ከተማ ያለ የእኛ ሰው ሁሉ የእማማ ዘነበችን ጠላ ያውቃል። የሚካኤል ጽዋ ማኅበር አላቸው፤ አባላቱ በየተራ በቤታቸው ያወጣሉ፣ ቄሱ ይባርካሉ፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል። ሌላው ሰው ሲደርሰው ቢራ ገዝቶ ያቀርባል። እማማ ግን ቢራ በእኔ ቤት ለሚካኤል አይቀርብም ባይ ናቸው። ከኮሮናው ወረርሽኝ በኋላ ማሽተት እንኳ አቅቷቸው፣ በእጃቸው ልማድ ብቻ ነው የሚጠምቁት።

ከእሳቸው ጋር ስለ ሰላምም መናገር አለብኝ። ሰላም የሥጋ ዘመዳቸው አይደለችም። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ብቻዋን ስዊዘርላንድ ስትገባ እማማ ናቸው ወስደው ያሳደጓት። ዛሬ ቪንተርቱር ትኖራለች፣ ዙሪክ ከተማ ውስጥ ትራም ትነዳለች። እማማ «ልጄ ያንን ሁሉ ፉርጎ ብቻዋን ትጎትተዋለች» እያሉ ለሰው ሁሉ ያወራሉ። ጄኔቭ በመጡ ጊዜም እራት ላይ፣ ሰላም ሌሎች ነጂዎችን የምታሠለጥን ልትሆን መሆኑን፣ ለዚህም ከጽዋው በኋላ ባለው ማክሰኞ የደምና የሽንት ምርመራ እንዳለባት ነገሩን። በዚህ አገር ደግሞ ነጂ ሰው ደም ውስጥ ካናቢስ ከተገኘ ጨዋታ የለም። መንጃ ፈቃዱን ይነጥቁታል፤ እሷ ደግሞ ከዚያ ሌላ እንጀራ የላትም።

እማማ ተመልሰው የሄዱ ቀን እኔ ለወገቤ መታሻ ቀጠሮ ነበረኝ። ስመለስ ሄደዋል። መታሻው ለጊዜው አሳርፎኝ ስለነበር መደርደሪያውንም ለሳምንታት አልከፈትኩም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ወገቤ ጨምድዶ ያዘኝ። ትንሽ አፍልቼ ልጠጣ ብዬ መደርደሪያውን ከፈትኩ። ከረጢቱ የለም። አስቴር ሥራ ልትሄድ ጫማዋን እያሰረች ነው።

«እዚህ የነበረው ጌሾ የት ሄደ?»

«ለእማዬ ሰጠኋትኮ! የእሷ አልቆ ነበር። የዛሬው ጽዋ የእሷ ተራ አይደል? ምነው፣ ጠላ መጥመቅ አማረህ?»

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። መቀመጥ ሳይሆን መውደቅ ነው።

«አስቴር… እዚያ ውስጥ ነበር።»

«ምኑ?»

«እሱ ነዋ።»

አንድ እግሯ ጫማ ውስጥ፣ አንዱ ውጭ እንደሆነ ቀረች። ከዚያ ጮኸች። «አንተ ሰውዬ! ማስቀመጫ ቦታ አጣህ?»

«የት እንዳስቀመጥክ አትንገረኝ ያልሽው አንቺ ነሽ!»

«ጌሾ ውስጥ ትደባልቀዋለህ ብዬ ነው? ወይኔ እናቴ! ባለፈው በስልክ ‹ጌሾው እጄ ላይ ይጣበቃል› ስትለኝ አርጅቶ ነው ብያት ነበር። ቄሱ፣ ሽማግሌዎቹ… ሰላም! መስፍን፣ ሰላም ማክሰኞ ምርመራ አለባት!»

«አውቃለሁ።»

«እኔ ፈረቃዬን ጥዬ ልሄድ አልችልም። ተነሥ!»

ለእማማ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ቅዳሴ ሲያስቀድሱ ከዋዜማው ጀምሮ ስልካቸውን ይዘጋሉ፤ ሰው ቤት እስኪገባም አይከፍቱትም። ቄሱም ቅዳሴ ላይ ናቸው። ጽዋው ሰባት ሰዓት ላይ ይጀመራል። ከጄኔቭ ዙሪክ ሦስት ሰዓት ያህል ነው፣ አፎልተርን ደግሞ ሌላ ባቡር አለው። ወገቤን በመታጠቂያ ጠፍሬ ወጣሁ።

ባቡሩ ላይ ስቀመጥ፣ እደርሳለሁ ብዬ ነበር። ፍሪቡር ላይ ቆመ። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። በድምፅ ማጉያው አንዲት መንገደኛ በጠና ታማለችና አምቡላንስ እየጠበቅን ነው አሉ። በታመመ ሰው እንዴት ይናደዳል? መናደድ አለመቻሌ ራሱ አናደደኝ። እግዜር ይማራት እላለሁ፣ ሰዓቴን አያለሁ፤ ይማራት እላለሁ፣ ሰዓቴን አያለሁ። ሃምሳ ደቂቃ ቆምን።

በመሀሉ ሐሳቤ አላስቀምጠኝ አለ። ምናልባት አይሠራ ይሆናል፣ ቅጠሉ በቀዝቃዛ ውኃ ተዘፍዝፎ ምን ኃይል ይኖረዋል? ምናልባት ደግሞ ከጠላው ጋር ሲገናኝ ይብሳል። ማንን ልጠይቅ? ፖርቱጋላዊው ጓደኛዬ ስልክ አላነሣም። በርንን ስናልፍ በመጨረሻ ለሰላም ደወልኩ። ከሁሉ በፊት ለእሷ መደወል ነበረብኝ፤ ያልደወልኩት ምን እንደምላት ጠፍቶኝ ነው። በሁለተኛው ጥሪ አነሣች።

«ጋሼ! እንዴት ነህ? ወገብህስ? እኔ አሁን እማዬ ቤት እየገባሁ ነው፤ ቀራችሁብን።»

«እየመጣሁ ነው፣ ባቡር ላይ ነኝ።»

«እሰይ! እማዬ እንዴት ደስ ይላታል!»

«ሰላም፣ ስሚኝ። ጠላውን እንዳትጠጪ። ሌላውም ሰው እንዳይጠጣ አድርጊ።»

«ለምን?»

ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው ሴትዮ ሹራብ ትሠራለች። አማርኛ አታውቅም። በፉርጎው ውስጥ አማርኛ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። የሚሰማኝ ሰው ሳይኖር እንኳ አፌ አልታዘዝ አለኝ።

«ተበላሽቷል» አልኩ።

«ማን አለ?»

«እኔ ነኝ ያልኩት።»

«ጄኔቭ ሆነህ የእማዬ ጠላ መበላሸቱን በምን አወቅክ?» ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። «ጋሼ፣ ለምን? ምን ተፈጥሮ ነው?»

«ስደርስ እነግርሻለሁ። ብቻ አትጠጪ።»

ባቡሩ ዋሻ ገባ፣ መስመሩ ተቆረጠ። ከዋሻው ስንወጣ ብደውል አታነሣም። ደግሜ ደወልኩ፤ አታነሣም። አሁን ሳስበው፣ ያን ሰዓት ጸሎቱ ተጀምሮ ነበር።

እኔ ግን ነግሬያታለሁ፣ አትጠጣም ብዬ ትንሽ ተንፈስ አልኩ። እዚህ ላይ ነው የጅልነቴ ጥግ። እኔ የአገሬን ሰው አላውቅም እንዴ? የባለሙያ ሴት ጠላ ተበላሽቷል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጠፍቶኝ ነው? ሴትየዋን በአደባባይ ከመስደብ አይተናነስም። ሰላም ያንን ቃል ይዛ ዝም ብላ ትቀመጣለች ብዬ ማሰቤ!

አፎልተርን ጣቢያ ስወርድ ከሰባት ሰዓት ሃያ አምስት ደቂቃ አልፎ ነበር። ከጣቢያው እስከ ሕንጻዎቹ ያለውን መንገድ በደህና ጊዜ አሥር ደቂቃ እሄደዋለሁ። በዚያን ቀን እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፤ ሁለቴ አጥር ይዤ ቆሜያለሁ። ሕንጻዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ በመጀመሪያ የገባሁት በተሳሳተው በር ነው። ስወጣ በገዛ ራሴ ላይ ጮህኩ። አንድ ሰውዬ ውሻውን ይዞ መንገድ ለቀቀልኝ።

የእማማ ቤት በሩ ገርበብ ብሏል። ሳሎኑ ሙሉ ነው፤ ወደ አሥራ አራት የሚሆን ሰው ተቀምጧል። ዳቦው ተቆርሷል። ቄሱ ከላይ ተቀምጠዋል። ብርጭቆው ሁሉ ተቀድቶ በየሰዉ እጅ ነው፤ ግን ማንም አልጠጣም። እማማ ነጭ ለብሰው መሀል ቆመዋል። ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ።

«ና! ና እስቲ ግባ!» አሉኝ። «ለሰላም ደውለህ ጠላዬ ተበላሽቷል ያልካት አንተ ነህ?»

«እማማ…»

«ቆይ! ስንት ዓመት ለሚካኤል ስጠምቅ አንድ ሰው ሆዴን ያለ የለም። አማቼ ከጄኔቭ ተነሥቶ በባቡር መጥቶ ሊያዋርደኝ! እኔ የደም ብዛት መድኃኒት ላይ ነኝ፣ አልቀምስም። ጠማቂ ካልቀመሰ ደግሞ እንግዳ አይጠጣም። ልጄ ትቅመስልኝ አልኩ። ቀመሰችልኝ። ይኸው! ጠይቃት!»

ሰላም በስተቀኝ ቆማለች። በእጇ ብርጭቆ አለ። ባዶ ነው።

«ጋሼ፣ ምንም አልሆነም» አለችኝ ፈገግ ብላ። «ትንሽ መረር ይላል እንጂ ደህና ነው። ጥርጥር እንዳይኖር ብዬ እስከ ታች ጨለጥኩት።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ግርማ የሚባሉ ሽማግሌ ብርጭቋቸውን አነሡ። «በሉ እንግዲህ፣ ምስክር ተገኘ።»

«አትጠጡ!» ብዬ ጮህኩ። ድምፄ ራሴንም አስደነገጠኝ።

«ልጄ» አሉ ቄሱ ረጋ ብለው፣ «ተቀመጥና ተናገር። ጠላው ምን ሆኗል?»

«ጠላው ምንም አልሆነም አባታችን። እማማ ምንም አላጠፉም። ጌሾው… ጌሾ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?» አሉ እማማ።

«ሀሺሽ ነው። እኔ ነኝ በረንዳዬ ላይ የተከልኩት። ለወገቤ። ከጌሾው ከረጢት ውስጥ ደብቄው ነበር፤ አስቴር ሳታውቅ ሰጠችዎት።»

ብርጭቆዎች አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጡ። ጋሽ ግርማ የራሳቸውን ከአፍንጫቸው ፊት አምጥተው አሸተቱት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባል ነበር» አሉ፤ «ይሄ ደግሞ ሳይጠጣ አወጣው።» አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ተወው።

ሰላም ብርጭቆዋን ይዛ ቆማለች። ፊቷ ላይ የነበረው ፈገግታ ገና አልጠፋም፣ ብቻ ቦታው የጠፋበት ይመስል ነበር።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «ማክሰኞ ምርመራ አለብኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ?»

ኮቷን አንሥታ በረንዳ ወጣች። እማማ ጠላው ያለበትን ባልዲ ብድግ አድርገው ወደ መጸዳጃ ቤት ገቡ። ሴቶቹ ሊያግዟቸው ሲነሡ በእጃቸው ከለከሏቸው። በማንቆርቆሪያ እየቀዱ ሲደፉ፣ ውኃውን ሲለቁ፣ ደግሞ ሲቀዱ፣ እኛ ሳሎን ተቀምጠን እንሰማለን። ረጅም ጊዜ ወሰደ። ቄሱ ዳዊታቸውን ከፍተው ቀስ ብለው ያነቡ ጀመር። እኔ ሂድም ተቀመጥም የሚለኝ አጥቼ በሩ አጠገብ ቆሜ ቀረሁ።

ሰላም መደበቅ ትችል ነበር። አሞኛል ብላ ምርመራውን ማስተላለፍ ትችል ነበር፤ ማኅበርተኛው ሁሉ ይህንኑ መክሯታል። እሷ ግን ሰኞ ጠዋት ሥራ ቦታዋ ሄዳ ለአለቃዋ እንዳለ ነገረችው። መሪውን ወዲያው አስጣሏት፣ ምርመራውንም በዚያው ቀን አደረጉላት። ትንሽ ተገኘባት። ሳታውቅ መጠጣቷን የሚያስረዳ የተፈረመ ጽሑፍ እስከ ዓርብ ካላመጣች ጉዳዩ መንጃ ፈቃድ ወደሚሰጠው ቢሮ ያልፋል አሏት።

ያ ጽሑፍ ከማን ሊመጣ ነው? ከእኔ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ የማልወደውን ልንገራችሁ፤ ሁለት ቀን ቆየሁ። ዶሴዬ ትዝ እያለኝ። አስቴር እንኳ፣ ያቺ ጮሃ ያባረረችኝ አስቴር፣ «ስምህን ከጻፍክ ዜግነቱ ቀረ ማለት ነውኮ» ብላ አጠገቤ አለቀሰች። መጀመሪያ የጻፍኩት «በስሕተት አንድ የመድኃኒት ቅጠል ተቀላቅሎ» የሚል ነበር። ቀደድኩት። ቀጥሎ «አንድ ወዳጃችን ያበቀለው» ብዬ ጻፍኩ። እሱንም ቀደድኩት። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ በገዛ ንዴቴ ተቃጥዬ፣ ሙሉ ስሜንና አድራሻዬን አስፍሬ፣ እኔ ተከልኩ፣ እኔ ቆረጥኩ፣ እኔ ደበቅኩ ብዬ አንድ ገጽ በፈረንሳይኛ ጻፍኩ። ማኅበርተኞቹም በበኩላቸው ምስክርነት አወጡ። እማማ ከሁሉ በላይ ፈርመዋል፤ የእኔ ጠላ ነው፣ በቤቴ የቀረበ ነው፣ ልጄ የጠጣችው እኔ ቅመሺልኝ ስላልኳት ነው ብለው።

ሰላም ከአምስት ሳምንት በኋላ ወደ ትራሟ ተመለሰች። አሠልጣኝነቱ ግን በዚያ ዙር አለፋት። እኔ ተጠርቼ ቃሌን ሰጠሁ፣ መቀጮ ተቀጣሁ፣ የዜግነት ዶሴዬም ለዓመታት እንዲቆይ ተደረገ። ወገቤ እንደነበረው ነው፤ ሐኪሙም «ትዕግሥት» ማለቱን አልተወም። እማማ ይቅር ብለውኛል፤ በሽማግሌ፣ በቄስ ፊት፣ ጉልበታቸውን ስሜ። ጠላ ግን ከዚያ ወዲህ ጠምቀው አያውቁም። አስቴር ለምን ብላ ስትጠይቃቸው፣ «ሰው የማይነግረኝ ከሆነ እንዴት ብዬ ለሰው አጠጣለሁ?» አሏት።

አንባቢዎቼ፣ ሀሺሽ አትትከሉ ብዬ ልመክራችሁ አልተነሣሁም። ያንን ሕጉም ይነግራችኋል፣ አጠገባችሁ ያለው ሰውም ይነግራችኋል። እኔን እስካሁን እንቅልፍ የሚነሣኝ ተክሉ አይደለም። ተክሉ እኔን ብቻ የሚጎዳ ጥፋት ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር። ከባቡር ውስጥ ሆኜ እውነቱን የሚመስል ግማሽ ነገር ተናገርኩና ግዴታዬን የተወጣሁ መሰለኝ። እንዲያውም ዝም ብል ይሻል ነበር፤ ዝም ብል እማማ የሚያስመሰክሩት ነገር አይኖርም፣ ሰላምም ያንን ብርጭቆ ለማንም ስትል እስከ ታች አትጨልጠውም ነበር። እናንተም «በኋላ እነግርሃለሁ» ልትሉት ያሰባችሁት ሰው ካለ፣ አሁኑኑ ደውሉለት። እየተሸማቀቃችሁም ቢሆን።

ከመለያየታችን በፊት ግን የቪንተርቱሩን ልንገራችሁ። ዋናው ፊርማ ያስፈልጋል ስላሉ፣ ጽሑፉን በጻፍኩት ማግስት፣ ሐሙስ፣ ራሴ ይዤላት ሄድኩ። ጣቢያው ፊት ለፊት አውቶቡስ መቆሚያው ላይ ጠበቀችኝ። ፖስታውን ተቀበለችኝ፣ እዚያው ቆማ ከፈተችው። ፈረንሳይኛዋ ደካማ ነው፤ ቀስ እያለች አነበበችው፣ ጣቷን ከመስመር መስመር እያስኬደች። ስሜ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ዜግነትህስ?» አለችኝ።

«ይቆያል።»

ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባችው። አመሰግናለሁ አለችኝ፤ ከልቧ ነው ያለችው፣ እሱ ነው የከበደኝ። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት አውቶቡሷ መጣ። አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋ ዞር አለች።

«ጋሼ፣ ይሄ አንድ ሙሉ ገጽ ነው» አለችኝ። «በስልክ ግን ሁለት ቃል ይበቃኝ ነበር። ለምን ብዬ ጠየቅኩህኮ። ሁለቴ ጠየቅኩህ።»

በሩ ተዘጋ። አውቶቡሱ እስኪታጠፍ ድረስ ቆሜ በዓይኔ ሸኘሁት።